ሕንድኛ እችላለሁ ያልኩ ቀን

ሰው በሁለት ነገር ይዋረዳል፤ በማያውቀው ነገርና ዐውቃለሁ ባለው ነገር። የመጀመሪያው ይቅርታ አለው። እኔ የተዋረድኩት በሁለተኛው ነው፤ ያውም በሕንዶች የባህል በዓል ላይ፣ የጎረቤቴን ሸሚዝ ለብሼ፣ ማይክራፎን ጨብጬ። ከሸሚዙ ብጀምርላችሁ ደስ ባለኝ፤ ነገሩ የተጀመረው ግን ከአጥሩ ነው።

የምኖረው ሜልበርን ዳርቻ፣ ክሬጊበርን ነው። እዚህ ሰፈር ቤቶቹ ሁሉ ከአንድ እናት የተወለዱ ይመስላሉ። እንደገባን ሰሞን ከሥራ ደክሞኝ ስመለስ ጋራዡ ፊት ቆሜ ሪሞቴን ብጫን ብጫን አልከፈት አለኝ። ባትሪውን እየረገምኩ ሳለሁ የቤቱ ባለቤት ወጣና፣ በትሕትና፣ የእኔ ቤት ቀጥሎ ያለው መሆኑን በጣቱ አሳየኝ። አኒልን የተዋወቅሁት እንደዚያ ነው። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር የሰውን ጆሮ እንዳያሳምም የሚጠነቀቅ ሕንዳዊ ነው። ሚስቱ ሱኒታ በበዓላቸው ጣፋጭ በሳህን ትልክልናለች፤ ባለቤቴ ጽጌ ደግሞ ሳህን ባዶ አይመለስም ብላ ድፎ ትቆርስበታለች። ልጆቻችን አንድ ትምህርት ቤት ናቸው። እንግዲህ ጉርብትና ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ምንም አይፈልግም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ አኒል በአጥሩ ማዶ ቲማቲሙን ውሃ ያጠጣል። ከኪሱ ውስጥ ስልኩ የሕንድ ዘፈን ያንቆረቁራል። እኔ ደሴ ነው ያደግሁት። ደሴ ሲኒማ ቤት የሕንድ ፊልም ገብቶ ካመለጠኝ ታምሜ ተኝቻለሁ ማለት ነው። ተዋናዩ ሲያለቅስ እናለቅሳለን፣ ሲደባደብ ወንበር እንሰብራለን፣ ሲዘፍን እንዘፍናለን። ስንወጣ ዘፈኑን በቃላችን ይዘን ነው። ቃሉን ማን አስተማረን? ማንም። ጆሯችን የያዘውን ያዝን፣ የጎደለውን ከቤት አዋጥተን ሞላን። ይህን ግን አሁን ነው የማውቀው። ያን ቀን የማውቀው ሌላ ነበር።

እናም አኒልን፣ ሳይጠይቀኝ፣ ሕንድኛ ትንሽ ትንሽ እንደምችል ነገርኩት። ባበቃ ጥሩ ነበር። ማስረጃ ማቅረብ አማረኝና ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ጃኒ ሜራ ቱምሳ ቡናኒ፣ ዲልባ ዲልባ ኩራኩሪ» ብዬ አንድ አንጓ ለቀቅሁበት።

አኒል ራሱን ወዘወዘ። ይህን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ አዎን ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ፈረንጁ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል። ሕንዳዊ ግን ጭንቅላቱን ከትከሻ ወደ ትከሻ እንደ ሚዛን ያወዛውዘዋል፤ እሺ ይሁን እምቢ፣ ወይስ እግዜር ያውቃል፣ እኔ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ያኔ ግን «ግሩም ነው» ብዬ ተረጎምኩት። ከኢትዮጵያ የት አገር እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ደሴ አልኩት። ቱቦውን እንደያዘ ቀረ፤ ውሃው ጫማው ውስጥ ሲገባ እንኳ አላወቀም። አባቱ በቅርቡ ከሕንድ ለሦስት ወር እንደሚመጡና ብንገናኝ ደስ እንደሚለው ነገረኝ። እኔ ግን ሁለተኛውን አንጓ ጀምሬ ስለነበር ለምን ደስ እንደሚለው አልጠየቅሁትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሥራ ስወጣ ደጃፌ ላይ አገኘኝ። የባህል በዓላቸውን ከሚያዘጋጁት አንዱ እሱ ኖሯል፤ አንድ ዘፈን ብዘፍን ኮሚቴው በጣም እንደሚደሰት አስረዳኝ። የሥራ ሰዓቴ ሊደርስ ስለነበር የሚለውን ግማሹን ነው የሰማሁት። «ኖ ፕሮብለም» አልኩት። ይህች ቃል ስንቱን ስደተኛ ገደል እንደከተተች ብትጻፍ መጽሐፍ ይወጣታል። በሐሳቤ ግን አንዲት ትንሽ አዳራሽ፣ ሠላሳ ወንበር፣ ሻይ በትሪ ነበር የሳልኩት።

በሳምንቱ የበዓሉን ፕሮግራም በስልኬ ላከልኝ። የምሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍቴን አቁሜ፣ ከፈትኩት። ስሜ በትልቁ ተጽፏል። ከላዬ የልጃገረዶች ዳንስ፣ ከታቼ ሳሪ የለበሱ ሴቶች ሰልፍ። በስሜ ሥር ደግሞ በደቃቅ ፊደል አንድ መስመር እንግሊዝኛ አለ፤ እሷን አላነበብኳትም። የገዛ ስሙን በትልቁ ያየ ሰው የቀረውን አያነብም። ለሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ አሳየሁ። ከመካከላቸው አንዱ ቦታውን ያውቀው ነበርና፣ በዓሉ የሚደረገው በአዳራሽ ሳይሆን በትልቅ ሜዳ ላይ እንደሆነ፣ ሰውም እንደ ገበያ እንደሚተም አረዳኝ። ሻይ በትሪው ከሐሳቤ ጠፋ።

ጽጌ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምር ናት። ነገሩን ስነግራት አልተቆጣችም፤ የሚያስፈራውም ይህ ነው። ጋብቻ ከመሠረትን ጀምሮ የመዘምራኑ መሪ አንድ ቀን እንኳ ና ተሰለፍ ብሎኝ እንደማያውቅ፣ ምክንያቱን ያልነገረኝም የዋህ ሰው ስለሆነ ብቻ መሆኑን አስታወሰችኝ። ቀጥላም፣ «ለመሆኑ ትርጉሙ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ስለ ፍቅር ነው» አልኩ።

«የማን ፍቅር?»

ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ውሃ ፈለግሁ። ትርጉሙን የማታውቀው ዘፈን ጽድቅ ይሁን ኃጢአት በምን ታውቃለህ ብላ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። ልጄ ሜሮን ደግሞ ከሶፋው ላይ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ ይህ ቋንቋ መሆኑን ራሱ እንደምትጠራጠር ተናገረች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አባቷ መድረክ ላይ እንዲወጣ የምትፈልገው ሽልማት ሊሰጠው ሲሆን ብቻ ነው።

ጥርጣሬ ገባኝ። ስልኩ ዜማ ያንጎራጎሩለትን ዘፈን ፈልጎ ያገኛል ሲባል ሰምቼ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አንጎራጎርኩለት። መጀመሪያ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ማስታወቂያ አመጣልኝ። ደገምኩለት። የሰማሁት ነገር የለም አለኝ።

በዚህ ጊዜ ነው ታደሰን የደወልኩለት። ታደሰ እዚሁ ሜልበርን፣ ያራቪል የሚኖር የደሴ አብሮ አደጌ ነው፤ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፣ ሲኒማ ቤት ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያስገባኝ እሱ ነው። ዘፈኑን ወዲያው አስታወሰው። ግን የእሱ ቃል ሌላ ሆነ። «ጃሌ መራ፣ ጾም ዋለ ጉናኒ» ነው አለኝ። ሕንድ እንዴት «ጾም ዋለ» ይላል ብዬ ሞገትኩት። እነሱም ይጾማሉ አለኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ተከራከርን። ሁለት የደሴ ሰዎች፣ አንድም ሕንድኛ ቃል የማናውቅ፣ በሕንድኛ ሰዋስው ተጣልተን ስልክ ተዘጋጋን። ከመዝጋቱ በፊት ግን በዓሉ መቼና የት እንደሆነ ጠይቆ ጻፈ። ስዋረድ ሊያይ እንደሚመጣ ገባኝ።

አኒልን ሄጄ ይቅርብኝ ለማለት ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥቻለሁ። በመጀመሪያው ሱኒታ በሩን ከፍታ፣ አማቷ ትናንት እንደገቡና በዓሉን በጉጉት እንደሚጠብቁ ነገረችኝ። ከኋላዋ ብርድ ልብስ የተከናነቡ ነጭ ፂም ያላቸው ሽማግሌ ሶፋ ላይ ተኝተዋል፤ መንገዱ አድክሟቸዋል። በሁለተኛው ደግሞ ሱኒታ ለእኔ የተተኮሰ የአኒልን ልብስ ይዛ ስትመጣ አጥሩ ጋ ተገናኘን። ለዚህ ሁሉ ደግነት እምቢ የሚል አንደበት ከየት ይመጣል?

ልብሱ ኩርታ ይሉታል፤ እስከ ጉልበት የሚወርድ ነጭ ሸሚዝ ነው። ከታች ባቱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ሱሪ አለው። አኒል ቀጭን መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። እኔ ደግሞ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነኝ። ሱሪው ውስጥ ለመግባት አልጋ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ጽጌ ከታች ገፋች፣ እኔ ከላይ ጎተትኩ። ስነሳ መራመድ ችያለሁ፤ መቀመጥ ግን ከእንግዲህ የሚታሰብ አልነበረም። መኪናውን ጽጌ ነዳች፤ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ምንጣፍ ተጋድሜ ሄድኩ።

ሜዳው ሌላ ዓለም ነው። በየድንኳኑ ጨርቅ፣ አምባር፣ የእጅ ሥዕል፣ ከበሮ። ጠዋት በላብ ያጠመቀን ፀሐይ፣ የሜልበርን ነገር፣ ቀትር ሳይሆን ነፋስ ሆኖ ልብሳችንን ሊገፍ ይታገላል። የምግቡ ሽታ ደግሞ ሰውን በአፍንጫው ይዞ ይጎትታል። ተራዬ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ነበረኝና ሰልፍ ገባሁ። የሚሸጡት ሎሚ የምታህል ክብ፣ ስስ፣ የተጠበሰች ቂጣ ናት፤ በጥፍር በሳ ያደርጓትና አረንጓዴ ውሃ ይሞሉባታል። ሻጩ ያቃጥላል፣ ለስለስ ያለውን ልስጥህ ቢለኝ ሳቅሁበት። ሚጥሚጣ ያሳደገኝ ሰው መሆኔን፣ ያለውን ሁሉ እንዲያደርግበት ነገርኩት። እሱም አደረገበት።

ሰው ሁሉ ሙሉዋን በአንድ ጊዜ አፉ ውስጥ ሲከት አይቻለሁ። እኔ ግን ጨዋ ነኝ፤ ግማሿን ነከስኩ። ግማሹ ውሃ ደረቴ ላይ ፈሰሰ፤ ነጩ ኩርታ አረንጓዴ ሆነ። ሌላው ግማሽ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባና እዚያው እሳት አነደደ። እንባዬ ወረደ፣ ሳልኩ፣ አስነጠስኩ፤ ሜሮን ውሃ አምጥታ ስትሰጠኝ አመሰግናለሁ ልል አፌን ብከፍት የወጣው የበር ማጠፊያ ድምፅ ነው። ሱኒታ እየሮጠች መጥታ የራሷን ቀይ ሻሽ በደረቴ ላይ አጣፍታ እድፉን ሸፈነችልኝ። አኒል ራሱን ወዘወዘ።

ከመድረኩ ጀርባ በእግራቸው ቃጭል ያሰሩ ልጃገረዶች እንደ ወፍ ይንጫጫሉ። የአኒል ልጅ ፕሪያ ከመካከላቸው ናት። ከአሥራ ሁለቱ አንዳቸውም አልፈሩም። ወጡ፣ ምድሩን በእግራቸው እየደበደቡ እንደ አንድ ሰው ጨፈሩ፣ ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ቀጥሎ የእኔ ስም ተጠራ። አስተዋዋቂዋ ብዙ ነገር ተናገረች፤ እኔ የሰማሁት ስሜንና «ኢትዮጵያ» የሚለውን ብቻ ነው። የቀረውን የልቤ ምት ሸፈነው።

ወጣሁ። ሜዳ ሙሉ ሕዝብ። ከፊት ረድፍ ጽጌ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እየጸለየች ነው። ከጎኗ ሜሮን ፀጉሯን በፊቷ ላይ አውርዳለች። ዳር ላይ ታደሰ ስልኩን ወደ እኔ አነጣጥሮ፣ ከአሁኑ ይስቃል። መሐል ላይ ደግሞ የአኒል አባት ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው፣ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው፣ ደብዳቤ ሊነበብላቸው እንደሚጠብቅ ሰው ወደ ፊት አዘንብለዋል።

«ጃኒ ሜራ» አልኩ። የፍየል ድምፅ ወጣ። ማቆም ግን አይቻልም። ከበሮ መቺው፣ ነፍሱን ይባርከውና፣ ዜማዬን አሳድዶ ያዘው፤ ምት ሲያገኝ ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። ጭብጨባ ደግሞ ለሞኝ ሰው አልኮል ነው። ድፍረት መጣልኝ። የሽማግሌውን ፊት አየሁ፤ ግንባራቸው መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ከዚያ ብርድ ልብሱ ይርገፈገፍ ጀመር። አገራቸውን አስታውሼያቸው አስለቀስኳቸው ብዬ አሰብኩ። ወደ እሳቸው ዞርኩና፣ ልክ ፊልሙ ላይ እንዳየሁት፣ አንድ እጄን ልቤ ላይ አድርጌ በአንድ ጉልበቴ ተንበረከክሁ። ሱሪው ከኋላ በኩል የራሱን ድምፅ አሰማ። ኩርታን እስከ ጉልበት እንዲረዝም አድርጎ የሰፋውን የመጀመሪያ ሰው እግዚአብሔር ያክብረው።

አጨበጨቡልኝ። እውነቴን ነው፣ ቆመው ያጨበጨቡም ነበሩ። ግድግዳ ታክኮ እንደሚሄድ ሰው ጀርባዬን ደብቄ ከመድረክ ስወርድ አንዲት ባለ ሳሪ ወይዘሮ እጄን ያዘችኝ። አንድም ቃል እንዳልገባት፣ ነገር ግን አማርኛ እንዲህ ልብ የሚነካ ቋንቋ መሆኑን እስከ ዛሬ እንዳላወቀች ነገረችኝ።

የቱ አማርኛ ብዬ ጠየቅኋት። ፕሮግራሙን አሳየችኝ። ያቺ ያላነበብኳት ደቃቅ መስመር እንዲህ ትላለች፦ የኢትዮጵያ ዘፈን፣ በአማርኛ።

ሕንዶቹ የዘፈንኩት አማርኛ መስሏቸዋል። የእኔዎቹ ሦስት ሰዎች ሕንድኛ መስሏቸዋል። ሁለቱ ወገኖች ካልተገናኙ እኔ ክብሬን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ይህን ተስፋ ይዤ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ አኒል መጣና አባቱ እንደሚፈልጉኝ ነገረኝ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን በብርድ ልብሱ ጫፍ ይጠርጋሉ። አጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር መታ መታ አድርገው፣ «ና ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። በአማርኛ። ያውም ላላ ባለው የወሎ አማርኛ።

መቀመጥ እንደማልችል የሱሪውን ነገር ማስረዳት ነበረብኝ፤ በዚያ ፈንታ ወንበሩን ይዤ ቆምኩ።

«ሕንድኛ የእናቴ ቋንቋ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አማርኛ ደግሞ ደሴ አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ኖሬበታለሁ። አሁን የዘፈንከው የየት አገር ነው?»

«የሲኒማ ቤት ነው፣ አባቴ» አልኩ፣ በዚያች በተረፈችኝ ድምፅ።

እንደገና ሳቃቸው መጣ። ብርድ ልብሱ ሲርገፈገፍ የነበረው ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ። አኒል አጠገባችን ቆሞ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። አባቱ ሲያስረዱት በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። ለካ አጥሩ ላይ ስዘፍንለት የእነሱን ዜማ ወደ አማርኛ የመለስኩት መስሎት ኖሯል። አባቱ ከደሴ ከወጡ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ እስከ ዛሬ ሒሳብ ሲያሰሉ ግን በአማርኛ ነው የሚቆጥሩት። እናቱ ካረፉ ወዲህ ያን ዘመን የሚያወሩት ሰው የላቸውም። እናም በዓሉ ላይ አማርኛ ሊያሰማቸው፣ ሳይነግራቸው፣ እኔን አዘጋጀ። እኔን።

ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን ሰበሰቡ። «ፕሮግራሙ ላይ አማርኛ የሚል ሳይ» አሉ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቅህ ነበር።»

ክፋት አልነበረውም፤ እንዲያው ነው ያሉት። ግን ከሱሪው፣ ከእድፉ፣ ከፍየሉ ድምፅ ሁሉ ይልቅ ያቺ ቃል አሳፈረችኝ። አሁን ልዘፍንልዎ ብል ጉሮሮዬ ተቃጥሏል። ዞር ስል ታደሰ ስልኩን እንደደገነ እየሳቀ ወደ እኛ ይመጣል፤ ውርደቴን ከቅርብ ሊቀርጽ ነው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። ሳቁ ፊቱ ላይ ቆመ። ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ የጃኬቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀጥ አለ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

«ሚስተር ሻርማ» አለ። «ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል። ታደሰ ነኝ።»

ሽማግሌው ከራሱ እስከ እግሩ አዩት። ብዙ ታደሰዎች ነበሩ አሉት። እሱም እንዲያስታውሱት ብሎ፣ በሒሳብ ፈተና ከመቶ አራት ያገኘው እሱ መሆኑን ነገራቸው። «እነሱም ብዙ ነበሩ» አሉት።

ታደሰን ክንዱን ይዤ ወደ ጆሮው ቀረብኩና የሆነውን ሁሉ በሹክሹክታ ነገርኩት፤ ድምፄ ከዚያ በላይ አይወጣም ነበር። ስለ «ጾም ዋለ» አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሽማግሌው እግር ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጠና አንድ የቆየ የወሎ ዜማ፣ እናቶቻችን ሲፈጩም ሲፈትሉም የሚያንጎራጉሩትን፣ ቀስ ብሎ ጀመረ። ማይክራፎን የለም፤ መድረኩ ላይ የሳሪው ሰልፍ ቀጥሏል፤ የምንሰማው እኛ ብቻ ነን። ታደሰ ድምፅ እንዳለው ዕድሜዬን ሙሉ አላውቅም ነበር። ጽጌ መጥታ ከኋላዬ ቆመች፤ ሻሿን አውልቃ በወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ፕሪያና ሜሮን ተያይዘው መጡ፤ ፕሪያ ቃጭሏ እንዳይሰማ በእግር ጣቶቿ ትራመዳለች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ከታደሰ ቀድሞ ነው የሚሄደው።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን ገለጡ። እጃቸውን አነሱ።

«ስንኙን ገለበጥከው» አሉት። «ተከታዩ ነው የሚቀድመው። እንደገና፣ ከመጀመሪያው።»

ታደሰ ሣሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።